የሳምንቱ ሪፖርት ሙሉ ነው፤ ታማሚዎቹ ግን ጎድለዋል፦ የማጅራት ገትር ቅኝታችን ስንቱን ይይዛል?

ሰኞ_ሪፖርት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ዞን ጤና መምሪያ የበሽታ ቅኝት ላይ ነው የምሠራው። ሰኞ ሰኞ ስልኬ አያርፍም። ጤና ኬላው ለጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለእኛ፣ እኛ ለክልል እንልካለን። ማጅራት ገትር፣ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ግርሻ፣ ወባ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከፍተኛ የምግብ እጥረት፤ ሁሉም በየሳምንቱ ይቆጠራሉ። ያልታየ በሽታ ካለ ቦታው ባዶ አይተውም፣ ዜሮ ይጻፍበታል። በመጨረሻ «የሪፖርት ሙሉነት» የሚባል ቁጥር ይወጣል። መላክ ከነበረባቸው ተቋማት ውስጥ ስንቶቹ ላኩ ማለት ነው። ግቡ 80 በመቶ ነው፣ እኛ ሁሌም ከዚያ በላይ ነን፣ በግምገማ ላይም እንመሰገንበታለን።

በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ አንድ ሆስፒታል ሄጄ የሕጻናት ክፍሉን የመኝታ መዝገብ ገለጥኩ። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ማጅራት ገትር ተብሎ ተጽፎላቸው ሴፍትሪያክሶን የሚባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ የተጀመረላቸው ሦስት ልጆች አሉ። ስልኬን አውጥቼ የዚያን ሳምንት ሪፖርት አየሁ። ማጅራት ገትር፦ 0። ሪፖርቱ የመጣው በሰዓቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር ያ ሆስፒታል በዚያ ሳምንት መቶ በመቶ ሙሉ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ቁጥር አላስተኛኝም። እኛ ስንለካ የኖርነው የወረቀቱን ሙሉነት ነው። የታማሚዎቹን ሙሉነት እንዴት ነው የሚለካው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ከነችግሩ ንገሩኝ።

ሲስተር_ሀ

ሦስት ዓመት የቅኝት ፎካል፣ ማለትም በተቋሙ ሪፖርቱን የምትሞላ ሠራተኛ፣ ሆኜ ስለሠራሁ ያ ዜሮ እንዴት እንደተጻፈ ሳላይ ልነግርህ እችላለሁ።

ልጁ የሚመጣው ሌሊት ነው። ድንገተኛ ክፍል ላይ «ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ» ይባላል። ወባ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይጀመርለታል። ጠዋት ዋርድ (የተኝቶ ሕክምና ክፍል) ሲገባ ሐኪሙ አንገቱን ያየውና ማጅራት ገትር ይላል። ፎካሏ ግን ሰኞ የምትቆጥረው ከተመላላሽ መዝገቡ ነው፤ ዋርድ ወጥታ ገጽ የምትገልጥበት ጊዜ የላትም፣ መርፌ የምትወጋውም እሷው ናትና። ልጁ ተመላላሽ ክፍልን ስላልረገጠ አይቆጠርም።

ሌላው ደግሞ ብዙ ባልደረቦቻችን ላብራቶሪ ያላረጋገጠውን መቁጠር ስህተት ይመስላቸዋል። መመሪያው እንደዚያ አይልም። ድንገተኛ ትኩሳት ኖሮት አንገቱ ከደረቀ፣ ጨቅላ ከሆነ ደግሞ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ተጠርጣሪ ነው፣ ይቆጠራል። በየሳምንቱ የሚላከውም የተጠርጣሪ ቁጥር ነው። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁ አልቆጥረውም።

ቤተሰብም አለ። በሽታውን ለማረጋገጥ የጀርባ ፈሳሽ ሲጠየቅ «ከጀርባው ፈሳሽ ከተወሰደ ሽባ ይሆናል» ብለው እምቢ ይላሉ። እናትየዋ እያለቀሰች ስትፈርም ቆሜ አይቻለሁ። ያኔ ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» (የደም መመረዝ) ተብሎ ይቀራል፤ ማጅራት ገትር የሚለው ስም ከዚያ በኋላ የትም አይታይም።

የመቁጠር_ነገር

የጠየቅከው ነገር መልስ አለው፣ መልሱም የመጣው ከዓሣ ነው። በአንድ ሐይቅ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ ለማወቅ ሐይቁ አይደርቅም። አንድ ቀን የያዝካቸውን ምልክት አድርገህ ትለቃለህ። ሌላ ቀን እንደገና መረብ ትጥላለህ። ሁለተኛው መረብ ውስጥ ምልክት ያላቸው ብዙ ከሆኑ ሐይቁ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ከሆኑ ገና ያላየኸው ብዙ አለ። ሴካርና ዴሚንግ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1949 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሐሳብ ሕንድ ውስጥ ያልተመዘገበ ልደትና ሞት ለመገመት ተጠቅመውበታል። ዛሬ የቅኝት ሥርዓት የሚፈተሽበት አንዱ ዋና መንገድ ነው።

አንተ ጋ ሁለቱ መረቦች የሳምንቱ ዝርዝርና የዋርዱ መዝገብ ናቸው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ዓመት ዝርዝርህ 40 ታማሚ ይዟል እንበል። ዋርዱ 30። ስም በስም ስታመሳክር ሁለቱም ጋ የተገኙት 20 ናቸው። 40 በ30 አባዛ፣ ለ20 አካፍል፣ 60 ይመጣል። ሁለቱን መዝገብ አዋህደህ በዓይንህ የምታያቸው ግን 50 ብቻ ናቸው። አሥሩ ሁለቱም መረብ ያመለጣቸው ናቸው። ቅኝትህ ከ60 ውስጥ 40 ይዟል፣ ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ግምቱ እንዳያጋንን በየቁጥሩ አንድ እየጨመሩ አባዝተው ካካፈሉ በኋላ አንድ የሚቀንሱበት አሠራር አለ፤ በዚህ ምሳሌ 59 ከግማሽ ገደማ ይሰጣል።

ግን ተጠንቀቅ፣ ይህ ስሌት የሚሠራው ሁለቱ መረቦች ሳይተያዩ ሲጣሉ ነው። ፎካሏ ሪፖርቱን የምትሞላው የዋርዱን መዝገብ ከፍታ ከሆነ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነ ማለት ነው። የጋራው ከ20 ወደ 28 ይወጣል፣ ግምቱ ወደ 43 ይወርዳል፣ አንተም «93 በመቶ ይዘናል» ብለህ ትረካለህ። ያመለጡት ልጆች ግን ያው አምልጠዋል።

ሰኞ_ሪፖርት

የዛሬ ምሽቴን በዚህ አሳለፍኩ። ስሌቱን ወድጄዋለሁ፤ ማመሳከሩ ላይ ግን ከባድ ግድግዳ ገጠመኝ።

ሪፖርቱ ላይ «ዓለሙ»፣ ዋርዱ ላይ «አለሙ»። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ»። «ኃይለ» በሦስት ዓይነት ተጽፏል። ላብራቶሪው ደግሞ ስሙን በላቲን ፊደል ነው የሚጽፈው፣ «ጨ»ን እያንዳንዱ ሰው እንደመሰለው። የአያት ስም ከግማሹ ላይ የለም። አንድ ወር ያልሞላቸው ጨቅላዎች ስም ስላልወጣላቸው «የእገሊት ልጅ» ተብለው ነው የሚገቡት፣ ስም ሲወጣላቸው ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ቀኑስ? ዋርዱ 12/5/16 ይላል፣ የላብራቶሪው ማሽን 21/1/24 ያትማል። ጥር 12 ቀን 2016 ማለት ነው፣ አንድ ቀን ነው፣ አንድ ልጅ ነው። በኮምፒውተር ብቻ ያመሳከረ ሰው ግን ሁለት ልጅ ያደርገዋል። ዕድሜም እንዲሁ፤ አንዱ 11 ወር ሲል ሌላው 1 ዓመት ይላል።

የመቁጠር_ነገር

ይህ ያነሳኸው ነገር የስሌቱ ልብ ነው፣ አትለፈው። ቅድም ከቆጠርናቸው 20 የጋራ ታማሚዎች ውስጥ አምስቱ በፊደል ልዩነት ቢጠፉብህ የጋራው 15 ይሆናል። 40 በ30 ለ15፣ ውጤቱ 80። በአምስት የተሳሳተ ስም ምክንያት በሕይወት ያልነበሩ ሃያ ታማሚዎች ፈጠርክ፣ የቅኝትህም መጠን ከሁለት ሦስተኛ ወደ ግማሽ ወረደ። ያልሆነውን አንድ ነው ብለህ ካገናኘህ ደግሞ ስህተቱ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይሄዳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከመጀመሬ በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሁሉንም ወደ ሀ፤ ሠን ወደ ሰ፤ ዐን ወደ አ፤ ፀን ወደ ጸ እመልሳለሁ። ቀኑን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር እለውጣለሁ። ከዚያ በስምና በአባት ስም፣ በጾታ፣ በቀበሌ፣ በመግቢያ ቀን እስከ ሦስት ቀን ልዩነት ድረስ አስተያያለሁ። የካርድ ቁጥር ካለ ወርቅ ነው። አጠራጣሪዎቹን ሁለት ሰው ሳይመካከር ይፈርድባቸዋል፣ ካልተስማሙ ካርዱ ከካርድ ክፍል ይወጣል። በመጨረሻም ግምቱን ሁለት ጊዜ ሠርቼ አቀርባለሁ፤ አንዱን በጥብቅ ማመሳከር፣ ሌላውን በላላ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አለቃህ ማየት ያለበት ነገር ነው።

ስሞቹ ከተቋሙ እንዳይወጡ። ማመሳከሩ እዚያው ይሠራ፣ ወደ ዞን የሚሄደው ቁጥር ብቻ ይሁን።

ከሜሪላንድ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ስከታተል ደስ አለኝ። እኔ እዚህ አሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ከተወሰኑ ክፍለ ግዛቶች ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመረው ንቁ የባክቴሪያ ቅኝት አለ፤ ሜሪላንድ፣ ጆርጂያና ሚኔሶታ ውስጡ ናቸው። የሚከታተሉት ከደም፣ ከጀርባ ፈሳሽና ከመሳሰሉት ንጹሕ መሆን ካለባቸው የሰውነት ክፍሎች የተገኘን ባክቴሪያ ነው፤ ኒሞኮከስ፣ ሜኒንጎኮከስ፣ ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ፣ የኤ እና የቢ ምድብ ስትሬፕቶኮከስ።

ልዩነቱን የማየው እዚህ ላይ ነው። እኛ እስክንልክላቸው አይጠብቁም። በየጊዜው ላብራቶሪው ከናሙና ያሳደገውን ባክቴሪያ ሁሉ ዝርዝር ከኮምፒውተሩ ያስወጡና ቀድሞ ከደረሳቸው ሪፖርት ጋር ያመሳክሩታል። ያመለጠ ከተገኘ ወደ ኋላ ተመልሶ ይመዘገባል፣ ስንት እንዳመለጠም ይታወቃል። መጀመሪያ ሲመጡ እንደ ቁጣ ቆጥሬው ነበር። ኋላ ስረዳው ማንንም አይወቅሱም፤ ሥራው ራሱ ራሱን እንዲመረምር ተደርጎ ነው የተሠራው። አገር ቤትም ይህ ኮምፒውተር አይጠይቅም። አንድ የቅኝት ሠራተኛ በሦስት ወር አንዴ የላብራቶሪውን መዝገብ ይዞ ቢቀመጥ በቂ ጅምር ነው።

የላብ_ሰው

ጋሼ፣ ያሉት እውነት ነው፤ ግን ያ ቅኝት የሚያመሳክረው ያደገውን ነው። የእኛ ትልቁ ጉድለት ደግሞ የማያድገው ላይ ነው።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ቅዳሜ ማታ የተወሰደ የጀርባ ፈሳሽ ሰኞ ጠዋት ደረሰኝ። ውሃው ደፍርሷል፣ የሩዝ ውሃ ይመስላል። ተረኛው በቅንነት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦታል፣ ሽንትና ደም እንደሚቀመጠው። ሜኒንጎኮከስ ብርድ አይችልም። ለካልቸር (ባክቴሪያውን ሳህን ላይ ለማሳደግ) የሚሄድ የጀርባ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ አይገባም፣ በክፍል ሙቀት ሆኖ ቶሎ መድረስ አለበት። በማይክሮስኮፕ ነጭ የደም ሕዋሱ ሞልቶ ነበር። ሳህኑ ላይ ምንም አላደገም። መዝገቡ ላይ «ዕድገት የለም» ብዬ ጻፍኩ፣ በእጄ።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ከመድኃኒት ቤት አሞክሲሲሊን ወስዷል። ወይም ጤና ጣቢያው ሴፍትሪያክሶን ወግቶ ነው ሪፈር የጻፈው፣ መወጋቱም ትክክል ነው፤ ናሙና እስኪወሰድ ተብሎ መርፌ መዘግየት የለበትም፣ ይህን ማንም እንዳይሳሳት። ግን ከመርፌው በኋላ ሜኒንጎኮከስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከጀርባ ፈሳሹ ሊጠፋ ይችላል። የባክቴሪያውን ዘረመል የሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ የሞተውንም ስለሚያይ ብዙ ያድን ነበር፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ሳህኑ ራሱ። የበግ ደም ሲጠፋ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም የሚጨምሩ አሉ፤ ኒሞኮከስ እዚያ ላይ በደንብ አያድግም። ስለዚህ የእኛን መዝገብ እንደ ሁለተኛ መረብ ስትጠቀሙ ቀዳዳው ሰፊ መሆኑን እወቁ።

የመቁጠር_ነገር

የላብ ሰው ያለውን በቁጥር ያሳየ አንድ ጥናት አለ፣ ሁሌም አስበዋለሁ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሎምቦክ ደሴት ላይ ነው፣ ውጤቱ በ2005 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከ55 ሺህ የሚበልጡ ሕጻናት ነበሩበት። ከፊሎቹ መንደሮች ሂብ (የሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ዓይነት) የተጨመረበት ክትባት አገኙ፣ ሌሎቹ ያለ ሂብ። ከዚያ የማጅራት ገትር ምልክት ይዘው ለሕክምና የመጡትን ቆጠሩ።

በላብራቶሪ የተረጋገጠው የሂብ ማጅራት ገትር በ100 ሺህ ሕጻን በዓመት በ16 ቀነሰ። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ሲደመሩ ግን በ158 ቀነሱ። ክትባቱ የሚከላከለው ሂብን ብቻ ነው። እንግዲህ ከቀነሱት ታማሚዎች ውስጥ ላብራቶሪው በስሙ የጠራው ከአሥር አንዱን ያህል ነው። ክትባቱ ራሱ ቅኝቱን መመርመሪያ ሆነ። ላብራቶሪያቸውን ብቻ አይተው ቢሆን ኖሮ «ሂብ እኛ ጋ ትንሽ ነው» ብለው ክትባቱን ሊተዉት ይችሉ ነበር። እኛ አገር ሂብ ያለበት ጥምር ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 እ.ኤ.አ. መግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ፣ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ሐኪሙ ልጁን ካከመው፣ ሪፖርት ላይ ገባ አልገባ ለልጁ ምን ይለውጥለታል?

ሰኞ_ሪፖርት

ለዚያ ልጅ ምናልባት ምንም። ለጎረቤቱ ልጅ ግን ብዙ።

ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነን። በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. በነበሩት ወረርሽኞች እኛ አገር በእያንዳንዱ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሟል። ወረዳው ንቁ የሚባለው በሳምንት ከ100 ሺህ ሰው ሦስት ተጠርጣሪ ሲገኝ ነው፤ አሥር ሲደርስ ወረርሽኝ ነው። መቶ ሺህ ሕዝብ ያለው ወረዳ አራት ታማሚ ኖሮት ሁለቱን ብቻ ካየ ማንም አይነቃም። ሁለተኛው ሳምንት፣ ሦስተኛው ሳምንት እያለ በጋው ያልፋል። ልክ ነው፣ መነሻ ቁጥሩ የተቀመጠው ሪፖርት በሚደረገው ልክ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወረዳ ሁሌም እኩል ቢያጎድል ጉዳቱ ያን ያህል ባልሆነ። ግን እኩል አያጎድልም። አንዱ ወረዳ ጎበዝ ፎካል አለው፣ ሌላው ጋ ከተዛወረች ወዲህ ማንም የለም። ጸጥ ያለውን ወረዳ ጤነኛ ነው ብለን እናልፈዋለን።

ደግሞ የሜኒንጎኮከስ ኤ ዓይነቱን ክትባት በ2013፣ 2014 እና 2015 እ.ኤ.አ. በሦስት ዙር ከሰጠን ወዲህ ኤ ጠፍቷል፤ ሲ፣ ደብልዩ እና ኤክስ ግን አሉ። የትኛው እንደመጣ ካልታወቀ የትኛው ክትባት ይታዘዛል? የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ድረስ በክትባት መከላከል የሚቻለውን የማጅራት ገትር ሕመም በግማሽ፣ ሞቱን በ70 በመቶ ለመቀነስ ዕቅድ ይዟል። ከየትኛው ቁጥር ነው የምንቀንሰው? ቅኝታችን ሲሻሻል ቁጥሩ ይጨምራል፤ በሽታው የባሰ ይመስላል። ስንቱን እንደምንይዝ በየዓመቱ ካልለካን ሁለቱን መለየት አንችልም።

ታላቅ_እህት

ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ በትኩሳትና በራስ ምታት ወደቀ። አንገቱ እንደ እንጨት ነበር። እናቴ ጠበል ወሰደችው፣ አምስት ቀን እዚያ አደሩ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። ቤት ሲመለስ ግን ስንጠራው አይዞርም። መጀመሪያ ደክሞት ነው አልን። አንድ ቀን ከኋላው ቆሜ ድስት ክዳን መሬት ላይ ጣልኩ፣ አልደነገጠም።

ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በምልክት ቋንቋ ይማራል። የእናንተ ሁለት መዝገብ፣ ሦስት መዝገብ ላይ ወንድሜ የት አለ?

የመቁጠር_ነገር

እህቴ፣ የትም የለም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ስሌት እሱን አያገኘውም። ሁለቱም መረቦች የተጣሉት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሐይቁ ውስጥ ያልገባ ዓሣ አይገመትም። 60 የሚለው ግምት «ሆስፒታል ከደረሱት ውስጥ» የሚል ነው፣ ይህን ሳይጽፍ ቁጥሩን የሚያቀርብ ሰው ያሳስታል።

ለእነሱ ሌላ መረብ ነው የሚያስፈልገው። ለሞቱት አዲስ አበባ ላይ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤተ ክርስቲያንና በሙስሊም መካነ መቃብሮች ቀብር እየተመዘገበ ቤተሰብን ስለ አሟሟቱ የመጠየቅ ሥራ ተሠርቷል። ሐረርና ቀርሳ ላይ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የሕጻናት ሞት ቅኝት ደግሞ ቤተሰብ ሲፈቅድ ከሞተው ሕጻን በቀጭን መርፌ ናሙና ወስዶ መንስኤውን ይመረምራል። በተለያዩ አገሮች ባሉት የዚህ ሥራ ጣቢያዎች ክሌብሴላ ኒሞኒያ የሚባለው ባክቴሪያ ከዋናዎቹ ገዳዮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ገጠር ላይ ደግሞ የእድር መዝገብ አለ፤ ማን መቼ እንደሞተ ከማንኛውም ጤና ጣቢያ በተሻለ ያውቃል፣ ከሪፖርቱም አይገለበጥም። ለተረፉት፣ እንደ ወንድምሽ ላሉት፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለበት ትምህርት ቤት ሄዶ ወላጅን «በምን ጀመረው?» ብሎ መጠየቅ አንድ መንገድ ነው።

ታላቅ_እህት

ማንም ጠይቆን አያውቅም። ብንጠየቅ እናቴ ቀኑን ከነሰዓቱ ትነግራችሁ ነበር።

ሲስተር_ሀ

ሰኞ ሪፖርት፣ ሦስተኛ ዝርዝር ከፈለግህ ማንም የማያስታውሰው አንድ አለ። የነርሶች የርክክብ ደብተር። ማታ ተረኛዋ ለጠዋቷ «አልጋ 7፣ አንገት ደረቅ፣ ሴፍትሪያክሶን ሁለተኛ ቀን» ብላ የምትጽፍበት። ለሪፖርት ተብሎ አይጻፍም፣ ማንም አይቆጥርበትም፣ ስለዚህ ከፎካሏ ሥራ ጋር አይነካካም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «ሴፕሲስ» ያለውንም እኛ ያየነውን ነው የምንጽፈው። ሲሞላ መጋዘን ይጣላል፣ ቶሎ ጠይቅ።

ሰኞ_ሪፖርት

ሲስተር፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ዛሬ ሄጄ ነበር። ሜትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ከመጋዘን አራት ደብተር አወጡልኝ፣ አንዱ ሽፋን የለውም። ሦስቱን ልጆች ያየሁበትን ሳምንት ፈልጌ አገኘሁ። ሦስቱም አሉ፣ በአልጋ ቁጥር። አልጋ 11 ላይ ደግሞ በዋርዱ መዝገብም በሪፖርቱም ያልነበረች አራተኛ ልጅ አለች፦ «የዘነበች ልጅ፣ 3 ሳምንት፣ እርግብግቢቷ ያበጠ፣ አልጠባም አለች»። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የገባች ናት። በሚቀጥለው ቀን ገጽ ላይ አልጋ 11 ባዶ ነው።

ካርዷን ነገ ከካርድ ክፍል አስፈልጋለሁ።